ግራ ስንዞር ዘይት የሚያጣው ሞተር (አዳማ)

አዳማ_44 | ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ቅዳሜ ሁለተኛ ሞተሬን አጣሁ። በወንጂ መውጫ በኩል ባለው ሜዳ ላይ በመኪና የምንወዳደርበትን ክብ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። አፈር ነው። ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምንዞረው። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሞተሩ ግን የራሷ አይደለም፤ አሮጌ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የገዛሁት 1.6 ሊትር ሞተር ነው። ሲገጠም ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ከታች ካለው ብረት ጋር አልስማማ አለ። ስለዚህ ጎኑ ተቆርጦ በላሜራ ተበየደ።

ጠዋት ዘይቱን ራሴ ለክቻለሁ። ላይኛው ምልክት ላይ ነበር። ዘይቱም ፊልትሮውም አዲስ ናቸው። አስራ ሁለተኛው ዙር ላይ ከታች «ቋ ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ጀመረ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። ኮፓው ሲወርድ የ3ኛው ቢየላ (የፒስቶኑ ክንድ) ብሮንዚን፣ ማለትም በሚሽከረከሩት ብረቶች መሀል የሚገባው ስስ ቅርፊት፣ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ሳስቷል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና ፒስቶኖቹ ደህና ናቸው።

መካኒኬ «ዘይት አጥሮት ነው» አለኝ። እኛ ግን ከሶስት ሊትር በላይ ዘይት ቀድተናል። ዘይት ሞልቶ እያለ እንዴት ዘይት ያጥረዋል? የዘይት መብራቱም ሲበራ አላየሁም። ሶስተኛውን ከማሰሬ በፊት ምክንያቱን ማወቅ አለብኝ። ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚህ ሞተር ላይ ነው ያለቀው።

የሞጆ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3:05

አይዞህ ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። የአዳማ ሙቀት ቀላል አይደለም። ዘይት ሲግል ይቀጥናል። 20ደብሊው50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት አድርግበት። የዘይት ፖምፓውንም በትልቅ ቀይረው። እኔ ጭነት መኪና ላይ ግፊት ሲወርድብኝ እንዲህ ነው ያዳንኩት።

ፍራንኮ_ጋራዥ | ማክሰኞ ማታ 3:20

የሞጆ ልጅ፣ ያንተ ጭነት መኪና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ነው የሚሄደው። የሱ ግን ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ነው የምትዞረው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

44፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ኮፓው ሲቆረጥ የዘይት መምጠጫውስ ምን ሆነ? ወንፊት ያለበት ቱቦ ማለቴ ነው። መሀል ላይ ነው ያለው ወይስ ወደ ጎን ሄዷል?

አዳማ_44 | ማክሰኞ ማታ 3:48

አሁን ወርጄ በባትሪ አየሁት። ቱቦው ታጥፏል። ወንፊቱ ወደ ግራ ሄዷል፣ በሹፌሩ በኩል። ጠርዙ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሲገጠም ቦታ ለማግኘት ብለው ያጠፉት ይመስለኛል።

ፍራንኮ_ጋራዥ | ማክሰኞ ማታ 3:55

አገኘነው። ወደ ግራ ስትዞር ዘይቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። መምጠጫህ ደግሞ ግራ ላይ ቆሞ አየር ይጠጣል።

ሜካኒካል_5ኛ_ዓመት | ማክሰኞ ማታ 5:10

እዚሁ አዳማ ተማሪ ነኝ። ጥያቄው እንቅልፍ ስለነሳኝ ትንሽ ላስላው ብዬ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን ሳየው ገረመኝ። እዩልኝማ።

ሜዳውን አይቼዋለሁ። የኩርባው መሀል ላይ ቆማችሁ እስከ መንገዱ ድረስ 30 ሜትር ገደማ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብትዞሩት ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከመሬት ስበት 65 በመቶ ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ የዘይቱ ገጽ ዝርግ አይሆንም። 33 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። ኮፓው 25 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው በቀኝና በግራ ጠርዝ መካከል የሚኖረው የከፍታ ልዩነት 16 ሳንቲ ሜትር ነው። የኮፓው ዘይት ደግሞ መኪናው ቆሞ እንኳን ያን ያህል ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ግራው ሙሉ በሙሉ ይደርቃል።

ባጃጅ ውስጥ ሳፋ ውሃ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ኩርባ ላይ ውሃው አንድ ጎን ላይ ተደፍቶ እግራችሁን ያረጥበዋል፣ ሌላው ጎን ደግሞ የሳፋው ወለል ይታያል። ኮፓው ውስጥ የሚሆነው ያ ነው። ሳፋው ላይ ግን ለአንድ አፍታ ነው። እዚህ ግማሽ ክቡን ለመጨረስ 7 ሰከንድ ይፈጃል። በደቂቃ 5500 ዙር ክራንክ ሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ብረት) በነዚያ 7 ሰከንዶች ከ600 ጊዜ በላይ ይዞራል። ያለ ዘይት 600 ጊዜ ማለት ነው። በአንድ ውድድር ደግሞ ስንት ኩርባ እንዳለ እናንተው ቁጠሩት።

ብሮንዚኑና ብረቱ በደህናው ጊዜ አይነካኩም። በመሀላቸው በጣም ስስ የሆነ የዘይት ሽፋን አለ፤ ክራንክ ሻፍቱ በሱ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ዘይቱ መጀመሪያ ወደ ዋናዎቹ ብሮንዚኖች ይደርሳል። ከዚያ በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ በተበሱ ቀዳዳዎች አልፎ ነው ወደ ቢየላው የሚሄደው። ቢየላው መጨረሻ ላይ የሚጠጣ ነው። ሲጠፋ ግን መጀመሪያ የሚጠማው እሱ ነው። የ3ኛው መላጥ ምንም እንቆቅልሽ የለውም።

ስለ ወፍራም ዘይት፣ የሞጆ ልጅ ወንድሜ ቅር አይበልህ። ፖምፓው አየር እየሳበ ከሆነ ውፍረት አያድነውም። እንዲያውም ወፍራም ዘይት ከቴስታታው ወደ ኮፓው ሲመለስ ይዘገያል። ትልቅ ፖምፓ ደግሞ ያለችውን ዘይት ቶሎ ወደ ላይ ይጨርሳታል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚገፋ ፖምፓ በ7 ሰከንድ ከ2 ሊትር በላይ ወደ ላይ ይልካል። ከሶስት ሊትር ተኩል ላይ ይህን ቀንሱ።

የሞጆ_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 1:30

ቅር አላለኝም እህቴ፣ ተምሬበታለሁ። ግን መብራቱ ለምን አልበራም?

ፍራንኮ_ጋራዥ | ረቡዕ ጠዋት 2:10

መብራቱ የሚበራው ግፊቱ አልቆ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ነው። እሱ ሲበራ ብሮንዚኑ ሄዷል። ደግሞ በአፈር ላይ መሪውን እየታገልክ፣ ፀሐይ ዳሽቦርዱ ላይ እየተንፀባረቀ፣ ያቺን ጭላንጭል ቀይ መብራት ማን ያያታል?

ውድድር ላይ የሚሠራ መኪና ላይ የዘይት ግፊቱን የሚያሳይ መርፌ ያለው ጌጅ የግድ ነው። ከጌጁ ጋር ግፊቱ ወደ 20 ፒኤስአይ ሲወርድ መብራት የሚያበራ ስዊች ግዛ። ከሱ ትልቅ ቀይ አምፖል አገናኝ፣ የጭነት መኪና የኋላ መብራት ቢሆንም ችግር የለም። በዓይንህ ፊት እሰረው። ሲበራ ፍሪሲዮኑን ረግጠህ ሞተሩን አጥፋ። ከመስመር ወጥተህ ነው ምክንያቱን የምታስበው።

እኛ የምንመራበት ልማድ ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 10 ፒኤስአይ ነው። በ5000 ዙር 50 ካለህ ጥሩ ነው።

አዳማ_44 | ረቡዕ ቀን 7:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሶስተኛው ሞተር ገብቷል፣ ግን አልሮጠም። መጀመሪያ ችግሩ እናንተ ያላችሁት መሆኑን ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። እንዴት ልሞክር? እንደገና ብሮንዚን መብላት አልችልም።

ሜካኒካል_5ኛ_ዓመት | ረቡዕ ቀን 8:40

ቀላል ሙከራ አለ። ጌጁን አስገጥም። ስልክህን ጌጁ ፊት ለፊት እሰርና ቪዲዮ አስነሳ። ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ነድተህ በተመሳሳይ ዙርና ፍጥነት አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዙር። ግራው ላይ መርፌው ከወደቀና ቀኙ ላይ ከቆመ፣ ፖምፓውም ዘይቱም ጤነኛ ናቸው፣ ጥፋቱ የመምጠጫው ቦታ ነው። በሁለቱም ከወደቀ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

አደራ፣ ግማሽ ኩርባ ብቻ። መርፌው ከ25 ሲወርድ ወዲያው እግርህን አንሳ።

አዳማ_44 | እሑድ ማታ 1:20

ሞከርኩት። ቪዲዮውን አስር ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም።

ቀጥታው ላይ በ5000 ዙር 55 ነው። ወደ ግራ ስገባ መጀመሪያ 55 ላይ ይቆያል። ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ መርፌው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ 50፣ 45፣ ከዚያ በአንዴ 20። እዚያ ላይ እግሬን አነሳሁ። ቀጥ ስል ተመልሶ 55። ወደ ቀኝ ስዞር ከ50 አልወረደም።

የዘይት መለኪያ ዘንጉን ወዲያው ሳወጣው ዘይቱ ላይ ትናንሽ አረፋ ነበር።

ሜካኒካል_5ኛ_ዓመት | እሑድ ማታ 1:45

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ያ መንቀጥቀጥ አየርና ዘይት ተቀላቅሎ ሲገባ ነው።

ሐዋሳ_ዙር | እሑድ ማታ 2:30

ከሐዋሳ ሰላም። እኛም ጋ አንድ ጓደኛችን እንዲህ ሆኖበት አንድ ሊትር ጨምሮ ያሽከረክራል። ለጊዜው ሠርቶለታል። አንተም ብትጨምርበትስ?

ፍራንኮ_ጋራዥ | እሑድ ማታ 2:50

ግማሽ ሊትር ምንም አይል ይሆናል። አንድ ሊትር ግን ብዙ ሞተር ላይ ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ እንደ ጠላ አረፋ ያስነሳዋል። አረፋ ደግሞ ብሮንዚን አይሸከምም። ኃይልም ይበላል። ለጓደኛህ ንገረው፣ ዘንጉን ልክ እንደቆመ አውጥቶ ይይ።

ሐዋሳ_ዙር | እሑድ ማታ 3:00

እሺ እነግረዋለሁ። ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ውጭ አገር አኩሳምፕ የሚባል ዕቃ አለ። ዘይት በግፊት ይይዝና ግፊት ሲወርድ ወደ ሞተሩ ይለቃል። በእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ራሳችን ብንሠራውስ?

ጋሽ_ቶርኖ | እሑድ ማታ 4:15

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እንደዚህ ስትረዳዱ ሳይ ደስ ብሎኛል።

የእሳት ማጥፊያውን ሐሳብ ተዉት። አኩሳምፕ ውስጥ አየሩንና ዘይቱን የሚለይ ፒስቶን አለ። ያለ ፒስቶን ከሆነ አየሩ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ የሸሻችሁትን ነገር በእጃችሁ ታስገባላችሁ። በዚያ ላይ የጋለ ዘይት በግፊት ሹፌሩ አጠገብ ማስቀመጥ አይሆንም። ድራይ ሳምፕ የሚባለውም አለ። ዘይቱን ከኮፓው አውጥቶ ለብቻው በታንክ ያስቀምጠዋል። ናስካር የሚባለው የአሜሪካ ውድድር ትልልቆቹ መኪኖች የሚሠሩበት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋው የኮሮላዋን ዋጋ ይበልጣል። እኛ የምንችለው ኮፓውን ነው።

44 ልጄ፣ ኮፓውን ይዘህ ወደኔ ና። ሰኞ ከሰዓት እጠብቅሃለሁ። ያለ ክፍያ ነው። ሥራውን ግን አብረን ነው የምንሠራው።

አዳማ_44 | እሑድ ማታ 4:22

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እመጣለሁ።

አዳማ_44 | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማታ 2:00

ቃል እንደገባሁት የሠራነውን ልጻፍ። ሌላም ሰው ይጠቀምበት።

ጋሼ መጀመሪያ መምጠጫውን ነው ያስተካከሉት። የታጠፈውን ቱቦ ቆርጠው ወንፊቱን ከመሀል ትንሽ ወደ ቀኝ አመጡት። ሁልጊዜ ግራ ስለምንዞር ዘይቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የቱቦውንም መያዣ በብየዳ አጠነከሩት። በመንቀጥቀጥ የተሰነጠቀ ቱቦ ላይኛው ጫፉ ላይ አየር ይስባል ብለውኛል፣ ኮፓው ሙሉ ቢሆንም።

ከዚያ ወንፊቱ ከኮፓው ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ ለካን። እዚህ ላይ ነው የገረመኝ። ከቤት ሊጥ አስመጡ። በቀጭን ፌስታል ጠቀለሉትና ወለሉ ላይ አስቀምጠው ኮፓውን አሮጌ ጓርኒሲዮን (በመሀል የሚገባ ማሸጊያ) አድርገው ገጠሙት። ሲያወርዱት ሊጡ ተጨፍልቋል። ውፍረቱን በካሊፐር ለኩት፣ 14 ሚሊ ሜትር። «ይሄ ብዙ ነው፣ ከ6 እስከ 10 መሀል አምጣው» አሉኝ። በጣም ከተጠጋ ዘይት አያሳልፍም፣ በጣም ከራቀ አየር ይስባል። በሁለተኛው ሊጥ 8 ሆነ።

ቀጥሎ ግድግዳዎቹ። በመምጠጫው ዙሪያ በላሜራ እንደ ሳጥን ሠራን። ከታች ሁለት መዝጊያዎች አሉት፣ አንዱ በግራ ጎን፣ አንዱ በቀኝ። ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠሉ ናቸው። ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈቱት። ዘይቱ ወደ መምጠጫው ሲሮጥ በሩን ገፍቶ ይገባል። ልሽሽ ሲል በሩን ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል። ጋሼ በሩን በጣታቸው እየነኩ ሃያ ጊዜ ያህል አወዛወዙት። በትንሹ እንኳ ሲይዝ በሞረድ ያነሱለታል። «በሩ በራሱ ክብደት ካልወደቀ በር አይደለም» አሉ። እኔ ጎማ ቆርጬ በሲልኮን ልለጥፍ ብዬ ነበር፣ ተቆጡኝ። ሲልኮን ተቀርፎ ወንፊቱን ይዘጋል፣ ያኔ ከበፊቱ የባሰ ነው።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ከውጭ ጠመኔ ቀባነው። ከውስጥ ነጭ ጋዝ ሞላንበት። ግማሽ ሰዓት ቆየን። አንድ ቦታ ላይ ጠመኔው ጠቆረ። እንደ መርፌ ቀዳዳ ትንሽ ነበረች። ደግመን በየድናት። ከዚያ የብየዳውን ቅርፊት አንድ በአንድ በመዶሻ ጫፍ አራገፉ። ሁለት ጊዜ በነጭ ጋዝ ታጠበ። አንዲት ፍርፋሪ ፖምፓው ውስጥ ከገባች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ፍራንኮ_ጋራዥ | ሐሙስ ማታ 2:25

እጅግ ጥሩ ሥራ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

የቴስታታውን መመለሻ ቀዳዳዎች አያችኋቸው? የሶማሌ ተራ ሞተር ብዙ ጊዜ ጥቁር ጭቃ ይዞ ነው የሚመጣው። ከላይ ያለው ዘይት መውረጃ ካጣ ኮፓው ውስጥ ያለው በር ምን ይጠብቃል?

ጋሽ_ቶርኖ | ሐሙስ ማታ 2:50

አይተናል። ሁለቱ በግማሽ ተዘግተው ነበር። በሽቦና በነጭ ጋዝ ከፈትናቸው። መተንፈሻ ቱቦውንም አየሁት። ከላይ ክፍት ነበር። ይህ የአዳማ አቧራ በዚያ በኩል ገብቶ ከዘይቱ ጋር ከተቀላቀለ ብሮንዚኑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ትንሽ ማጣሪያ አደረግንበት።

የሞጆ_ልጅ | ሐሙስ ማታ 3:10

ታዲያ እንዴት ሆነ? ሮጠች?

አዳማ_44 | እሑድ ማታ 1:50

ሮጠች! ሃያ ዙር ጨረስኩ። አራተኛ ወጣሁ፣ ለኔ ግን ከአንደኛ አይተናነስም።

ስልኩ ሙሉውን ቀርጿል። ግራ ኩርባ ላይ ዝቅተኛው 46 ነው። መርፌው አይንቀጠቀጥም። ቀዩ አምፖል አንዴም አልበራም። ማታ ፊልትሮውን በመጋዝ ከፍቼ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ የለም። ያንን ወረቀት ለረጅም ጊዜ በባትሪ እያየሁት ቆየሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ወደ ኩርባው ስገባ ፍሬን አጥብቄ ስይዝ መርፌው ለአንድ ሰከንድ ወደ 32 ይወርዳል። ከዚያ ይመለሳል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ከሃያው ዙር ስድስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ልተወው ወይስ ይስተካከል?

ሜካኒካል_5ኛ_ዓመት | እሑድ ማታ 2:05

ፍሬን ስትይዝ ዘይቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የሳጥኑ የፊት ግድግዳ ዝቅ ብሎ ይሆናል፣ ከላይ እየዘለለ ነው የሚወጣው። 32 አያስፈራም፣ ዙሩም እዚያ ላይ ዝቅ ያለ ነው። ግን ዘይቱ ሲያንስ ወይም ሜዳው ደርቆ ፍሬኑ የበለጠ ሲይዝ ይብሳል። እኔ ብሆን አስተካክለው ነበር።

ጋሽ_ቶርኖ | እሑድ ማታ 2:40

ልክ ብላለች። የፊተኛው ግድግዳ አጥሯል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ክራንክ ሻፍቱን እንዳይነካ ፈርቼ ዝቅ አደረግኩት። አሁን ስለካው ገና ሁለት ጣት ቦታ አለ። አንድ ጣት ከፍ እናደርገዋለን፣ ጫፉንም ወደ ውስጥ እናጥፈዋለን።

ማክሰኞ ከሰዓት ና። አዲስ ጓርኒሲዮን ይዘህ ና፣ ያኛው ሁለተኛ ጊዜ አይታሰርም። ሊጡንም አትርሳ። ግድግዳው ሲነሳ የመምጠጫውን ርቀት ደግመን እንለካለን።